አንድሬይ ላቭሮቭ፦ በሦስት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የእጅ ኳስ ወዳጆች፣ ስለ ሩሲያዊው ግብ ጠባቂ ስለ አንድሬይ ላቭሮቭ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። በ1962 በክራስኖዳር የተወለደው ይህ ሰው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1988 በሴኡል ለሶቭየት ኅብረት፣ በ1992 በባርሴሎና ለቀድሞዎቹ የሶቭየት ሪፐብሊኮች የጋራ ቡድን፣ በ2000 በሲድኒ ደግሞ ለሩሲያ ተሰልፎ ወርቅ አጥልቋል። አገሩ ፈርሶ የቡድን አጋሮቹ ሲበተኑ እርሱ ሊዘልቅ የቻለው በራሱ ብቃት ነው ወይስ ከፊቱ በተሰለፉት ተጫዋቾች ጥንካሬ?

መልስ 1፦
በሴኡል ደቡብ ኮሪያን 32 ለ 25 የረታው ቡድን በእርግጥ እጅግ ጠንካራ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወርቅ የሁሉም ነው ቢባል አልከራከርም። የባርሴሎናው ግን ይለያል። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች ገና ጥቂት ወራት መሆኑ ነበር፤ አሰልጣኙ ስፓርታክ ሚሮኖቪች ቤላሩሳዊ፣ ኮከቡ ታላንት ዱይሼባዬቭ የኪርጊዝ ተወላጅ ነበሩ፤ ሲያሸንፉም የተሰቀለላቸው የኦሊምፒክ ሰንደቅ ዓላማ ነው። ስዊድንን 22 ለ 20 በረቱበት በዚያ ፍጻሜ እያንዳንዱ የዳነ ኳስ ውጤቱን ሊለውጥ ይችል ነበር። በኋላ ዱይሼባዬቭ የስፔንን ዜግነት ወሰደና በ1996 በስፔን በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ፍጻሜ እርሱና ላቭሮቭ በተቃራኒ ቡድን ተገናኙ። ሩሲያ በአስተናጋጇ አገር ሜዳ 23 ለ 22 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

መልስ 2፦
ወንድሜ የጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ዕድሜውን በተመለከተ ልጨምር። በ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ ሩሲያ ሃንጋሪን 28 ለ 26 አሸንፋ ነሐስ ስትወስድ ላቭሮቭ 42 ዓመቱ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው በቦታው ጠባይ ምክንያት ይመስለኛል። ግቡ 3 ሜትር ወርድና 2 ሜትር ቁመት ስላለው ኳሱ ከተወረወረ በኋላ አይቶ መድረስ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ግብ ጠባቂው የወርዋሪውን ትከሻና የእጁን አንጓ አስቀድሞ ማንበብ አለበት። ከክንፍ የሚዘልል አጥቂ ሲመጣ ቅርቡን ቋሚ በአካሉ ይሸፍንና እጁን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል፤ ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ተሸነፈ ማለት ነው። በ7 ሜትር ውርወራም (በቅጣት ምት) ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሳይወጣ የ4 ሜትሩን መስመር ማለፍ ስለማይፈቀድለት፣ ወደፊት ልውጣ ወይስ መስመሬ ላይ ልቆይ የሚለው ውሳኔ ከጉልበት ይልቅ ልምድን ይጠይቃል። የመስክ ተጫዋች ፍጥነቱ ሲቀንስ ቦታውን ይለቃል፤ ግብ ጠባቂ ግን ባየ ቁጥር ይበስላል።

መልስ 3፦
በ1993ና በ1997 የተገኙት የዓለም ሻምፒዮናዎች መዘንጋት የለባቸውም፤ በመጀመሪያው ፈረንሳይን 28 ለ 19፣ በሁለተኛው ስዊድንን 23 ለ 21 አሸንፈዋል። መንገዱ ሁሉ ድል ነበር ማለት ግን አይደለም፤ በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ሩሲያ አምስተኛ ነው የወጣችው። ከዚያ ውድቀት በኋላ፣ በ38 ዓመቱ፣ በሲድኒ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ እንዲይዝ መመረጡ ምን ያህል ይከበር እንደነበረ ያሳያል። በፍጻሜው የገጠማቸው በቤንግት ዮሃንሶን የሚሠለጥነውና በተከታታይ ሦስተኛ የኦሊምፒክ ፍጻሜው ላይ የደረሰው የስዊድን ቡድን ነበር፤ ሩሲያም 28 ለ 26 ረታችው። ከዓመታት በኋላ ኒኮላ ካራባቲችና ሁለት ፈረንሳውያን አጋሮቹ በሦስት ወርቅ አቻው ሆነዋል፤ ይሁን እንጂ እነርሱ ሦስቱንም ያገኙት ለአንድ አገር በመጫወት ስለሆነ እኔ የላቭሮቭን አስበልጣለሁ።