የቁም ሳጥንና የበርጩማ ሻጋታ በምን ይለቃል?

ሰላም ጅማዎች፣ ክረምት በገባ ቁጥር መቼም ያለ ነገር ነው ግን ዘንድሮ ባሰብን። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው ቤታችን፣ የዋንዛ ቁም ሳጥኑ ከጀርባው ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ ልብሱ ሁሉ እምክ እምክ ይላል፣ የእማዬ ባለ ሶስት እግር በርጩማም ከስሩ ጀምሮታል። በረኪና ላርግበት ወይስ አቼቶ? ቀለሙ እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ነው

ቡናዬ፦
በረኪና በውሃ በጥብጠሽ ማሸት ነው እህቴ፣ ምን ያስጨንቃል 😀

የሄርማታዋ፦
ኧረ በረኪና ለሴራሚክ ነው! እንጨት ላይ ስታደርጊው ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል ክሎሪኑ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ስለዚህ ሻጋታውን ውሃ አጠጣሽው ማለት ነው፣ ቀለሙንም ያነጣዋል። ነጭ አቼቶ ሳትበርዢ በጨርቅ ቀቢው፣ አንድ ሰአት ያህል ተይውና በእርጥብ ጨርቅ ጠርጊው። መጀመሪያ ግን ወደ በረንዳ አውጪው፣ ማስክ አድርጊ፣ በደረቅ ብሩሽ እንዳትፈትጊው ብናኙ ቤት ሙሉ ነው የሚበተነው። ደግሞ አደራ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትደባልቂ፣ በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ ሳንባ ነው የሚያቃጥለው። ስታደርቂው ነፋስ ያለው ጥላ ፈልጊ፣ ዝናብ አባርቶ ብልጭ የምትለው ፀሀይ ላይ ካሰጣሽው ይሰነጠቃል

አናጢው፦
የቁም ሳጥኑን ጀርባ በደንብ እዪው፣ ፊቱ ዋንዛ ቢሆንም ጀርባው ብዙ ጊዜ ኮምፔርሳቶ ነው፣ እሱንም ማንም ቨርኒሽ አይቀባውም ስለማይታይ። ለዛ ነው እርጥበት የሚጠጣው። ካበጠና ከተላጠ አቼቶ ምን ያደርግለታል፣ አስቀይሪው፣ ደህና ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ቨርኒሽ አስቀቢው። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው አየር ይለፍበት።
በርጩማውን በላሙ ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ መስመር ልክ ትንሽ አሽተሽ የቀለም ሱቅ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት በስሱ ቀቢው። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ አይደርቅም፣ ያጣብቅና ይሸታል። የቀባሽበትን ጨርቅ ጠቅልለሽ እንዳታስቀምጪ፣ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ዘርግተሽ ውጪ አድርቀሽ ጣዪው

እናት፦
ልጄ ልብስ ክፍል ውስጥ ታሰጪያለሽ? ከሰኔ እስከ መስከረም ሁላችንም እናሰጣለን እኮ ምን እናርግ፣ ግን ያ ሁሉ ውሃ የት የሚሄድ ይመስልሻል። ቢያንስ ቁም ሳጥኑ ያለበት ክፍል አይሁን፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ክፈቺ። ከሰል በሳህን አድርገሽ ውስጡ ብታስቀምጪ ሽታውን ይቀንስልሻል፣ እርጥበቱን ግን አይችለውም

ጠያቂዋ፦
እውነትም ኮምፔርሳቶ ነው! አናጢው ተባረክ። ግድግዳው ግን ከወዲያ በኩል ሻወር ቤት ነው፣ ከሱ ይሆን እንዴ?

አናጢው፦
ይሆናል። አንድ ንጹህ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዳር ዳሩን በፕላስተር ዙሪያውን አጥብቀሽ ለጥፊና ለአንድ ሁለት ቀን ተይው። ጠሉ ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው ነው የመጣው፣ ቧንቧ ሰራተኛ ጥሪ። ከፊት በኩል ከሆነ የክፍሉ አየር ነው