ደሴ ላይ ለሁለት ሴት ተማሪዎች በአቅማችን ቤት እንዴት እናግኝ?

የወረኢሉ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁም። እህቴና የአጎቴ ልጅ ደሴ አንድ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ሊጀምሩ ነው። ኮሌጁ ዶርም የለውም። አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ለቤት በወር ከ3,500 ብር፣ ግፋ ቢል ከ4,000 ብር በላይ አንችልም። በስልክ ያገኘኋቸው ደላሎች ሁሉ ከዚህ በላይ ነው የሚጠሩልኝ። አንዱማ የስድስት ወር ቅድሚያ አለኝ። ዘመዶቻችን ደግሞ «ኮምቦልቻ ቤት ይረክሳል፣ እየተመላለሱ ይማሩ» ይሉናል። ያዋጣል? እኔ የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ደሴ መሄድ የምችለው ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ሰፈር የምታውቁ፣ ምን ምን ማየት እንዳለብኝ የምታውቁ ካላችሁ ተባበሩኝ።

ሦስተኛ ዓመት
አብሽር ወንድሜ፣ ይገኛል። በስልክ የሚጠራልህን ዋጋ ግን እርሳው። አዲስ አበባ ሆነህ እንደምትደውል ካወቁ ዋጋው እዚያው ላይ ይጨምራል።

ጥሩ ሰርቪስ ክፍል ደላላ ጋ ሳይደርስ ነው የሚያልቀው። ሊመረቅ የደረሰ ተማሪ ለጓደኛው ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ኮሌጁ ሂድና የሚወጡትን ልጆች ጠይቅ። «ክፍላችሁን ለማን ልትለቁ ነው?» በል፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም። መስከረም ከገባ ሁሉም ተማሪ አንድ ላይ ይመጣና የሚቀረው ማንም ያልፈለገው ክፍል ነው።

ሌላው፣ ፒያሳ ዙሪያ አትፈልግ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ስትል ዋጋው ይወርዳል። ግን ደሴ መሆኑን አትርሳ፤ ገባ ማለት ወይ ዳገት መውጣት ወይ ቁልቁለት መውረድ ነው። ገራዶ በኩል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ቤት አለ፣ ጠዋት ጠዋት ሽቅብ መውጣቱን ግን እነሱ ናቸው የሚችሉት። ባጃጅ በየቀኑ የሚያስይዝ ቤት ርካሽ አይደለም።

የኮምቦልቻው
ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ እውነቱን ልንገርህ። እዚህ ቤት ርካሽ የነበረው ድሮ ነው። በ2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ የፋብሪካ ሠራተኞች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ኪራዩን ለአራት የሚካፈል ሰው ካለ ለሁለት የምትካፈል ተማሪ አትችለውም።

ቢረክስ እንኳ ሒሳቡን ሥራው። ሁለት ልጆች፣ ደርሶ መልስ፣ በቀን አራት ታሪፍ። በወር 22 የትምህርት ቀን ካለ 88 ታሪፍ ሆነ። የሚኒባሱን የአሁን ዋጋ ጠይቅና በ88 አባዛው፤ ከዚያ ከኪራዩ ልዩነት ጋር አስተያየው። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በካርታ ስታየው ቅርብ ይመስላል። መሃል ላይ ያለውን የሐረጎ ዳገት ግን በክረምት ጉም ሲይዘው መኪናው እየዳሰሰ ነው የሚወጣው። ነርሲንግ ደግሞ ሆስፒታል ልምምድ አለው፣ በጠዋት ግቡ ይባላሉ። ማታ መኪና ሲጠፋስ?

ኮምቦልቻ መኖር ኮምቦልቻ ለሚማር ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚህ ስለሆነ የዚያ ተማሪ ቢሆኑ ሌላ ነገር ነበር። ለማንኛውም ወደዚህ የሚመጣ ሰው አጎበር ይያዝ፤ ቆላ ቀመስ ነው፣ ወባ አለ።

የወረኢሉ ልጅ (ጠያቂ)
88ቱን ሳባዛው የኮምቦልቻው ነገር እዚያው አበቃ። አመሰግናለሁ። ልምምዱ የት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም ነበር።

ሦስተኛ ዓመት
ዛሬውኑ ጠይቅ። ደሴ ሪፈራል ከሆነ ከተማው ውስጥ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሆነ ከከተማ ወጣ ስለሚል ትራንስፖርት ከሚያዝበት ቦታ ብዙ የማይርቅ ሰፈር ምረጥ። ብዙዎቻችን ኮሌጁን ብቻ አይተን ነው ቤት የምንይዘው።

አከራይ ነኝ
ልጄ፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ ለሴት ተማሪዎች አከራያለሁ። እኛ አከራዮች የምንፈራውን ብታውቅ ዋጋም ታስቀንሳለህ።

አንደኛ ውሃ ነው። ደሴ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። «ሮቶ አለ» ሲሉህ አትመን፤ ተከራይም ይቀዳበታል ወይ ብለህ ጠይቅ። የአከራዩ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ጀሪካን ገዝተው ማጠራቀም አለባቸው፣ ውሃ የሚጠፋ ቀን ደግሞ በገንዘብ ማስቀዳት ነው። መብራቱም እንደዚሁ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ምን ያህል እንደሚከፍሉ በፊት ይወሰን። ምጣድና ምድጃ የምንከለክለው ከክፋት አይደለም፤ ቢሉ ሲመጣ ነው የሚያጣላን። እኔ ጋ ያሉት ልጆች እንጀራ ይገዛሉ፣ ወጡን ብቻ ይሠራሉ፤ ስለ ቢል ተነጋግረን አናውቅም።

ሁለተኛ እንግዳ ነው። «ወንድማቸው ነኝ፣ በወር አንዴ እመጣለሁ፣ አላድርም» ብለህ በግልጽ ተናገር። የቤተሰብ ሰው አብሮ መጥቶ ሲከራይ እኛም ልባችን ያርፋል።

ሦስተኛ የክረምቱ ኪራይ። ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ አገር ቤት ሲገቡ ይከፍላሉ ወይስ አይከፍሉም? ጠቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እኔ ዕቃቸው እንዲቀመጥ ግማሽ እቀበላለሁ። ሌላው ሙሉውን ይላል። ስትዋዋል ይህን ካልጨረስክ ሁለት ወር ባዶ ክፍል ትከፍላለህ።

አሁን ደግሞ እንደ እናት ልናገር። ደሴ ብርድ ነው። ልጆች ከቆላም ከደጋም ይመጣሉ፤ ማታ ሲበርዳቸው ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ይተኛሉ። ከሰል ቤት ውስጥ ታፍኖ አይታደርም! ጭሱ ባይታይም ጋዙ እንቅልፍ ላይ ይገድላል። ምግብ የሚያበስሉት በረንዳ ላይ ይሁን፤ ሲተኙ ፍሙ ውጭ ይደር። ገንዘብ ካለህ ወፍራም ብርድ ልብስ ግዛላቸው።

ግንበኛው
እናታችን የተናገሩት ላይ ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነች፤ ክረምቷም ረጅም ነው። ፀሐይ የማያገኝ ክፍል ይሻግታል። ቤት ስታይ አልጋ የሚቆምበትን ጥግ ተጠግተህ ግድግዳውን በመዳፍህ ዳብሰው። እርጥበት ካለው ይቀዘቅዛል፣ ቀለሙም ተነስቶ ዱቄት ይሆናል። አዲስ ቀለም የተቀባው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነማ ከሥሩ ሻጋታ አለ። ጣሪያውን ቀና ብለህ እይ፤ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካየህ ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው።

ዋናው ግን መሬቱ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተዘርግታ፣ ግማሹ ቤት ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፣ በዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። በጣም ርካሽ ቤት ስታገኝ ከኋላው ዙር። ቤቱ ጀርባ መሬቱ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ፣ በሩ ክረምት ክረምት አልዘጋ የሚል ከሆነ ዋጋው በነፃ ቢሆን እንኳ ተወው። ዝናብ እየዘነበ ብታየውማ ሁሉንም ነገር ራሱ ያሳይሃል።

ደላላ ነኝ (አትስደቡኝ)
ሁላችሁም ደላላ ትሰድባላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ያለው ሰው ግን ያለ ደላላ ስንት ቤት ያያል? ወንድሜ፣ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖር ደላላ ያዝ፣ ባለሱቁ ያሳይሃል። «ለማየት» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህን ትተህ ሂድ። ኮሚሽኑን ቤት ከማየትህ በፊት ተስማማ፤ አብዛኛው ደላላ ከአከራዩም ስለሚቀበል መከራከር ትችላለህ። ቁልፍ ሳትቀበልም አትክፈል።

የውል ነገር
የስድስት ወር ቅድሚያ ስላልከው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስም ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን አዋጁ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኑባቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ አከራዩን በአዋጅ ከማስፈራራትህ በፊት ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማ ሄደህ ጠይቅ።

አዋጁ ቢሠራም ባይሠራም አንድ ገጽ ውል ጻፍ። ኪራዩ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ውሃና መብራት፣ የክረምቱ ነገር፣ «ልቀቁ» ሲባል የሚሰጠው ጊዜ ይኑርበት። ሁለት ምስክር ይፈርም። ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈል፣ ማስረጃ ይሆንሃል። በእጅ ከከፈልክ ግን የተፈረመ ደረሰኝ ያዝ።

የወረኢሉ ልጅ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ሐምሌ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ደሴ እገባለሁ፣ በቀጥታ ኮሌጁ በር ላይ ነው የምቆመው። እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጨርሶ ካላገኘሁ እስከ ጥቅምት ዘመድ ቤት አስቀምጬ መፈለግ ይሻላል ወይስ ትንሽ ጨምሬ መያዝ?

አከራይ ነኝ
ዘመድ ቤት ይቆዩ ልጄ። መስከረም ላይ ተጨንቀህ የጨመርከውን ማንም አይቀንስልህም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከጓደኛው ተጣልቶ የሚወጣ፣ ትምህርት የሚያቋርጥም አለ፤ ክፍል ይለቀቃል። ያኔ ልጆቹ ራሳቸው ሰፈሩን ስለሚለምዱት ካንተ በተሻለ ይመርጣሉ። ስትመጣ ግን መታወቂያቸውን ኮፒ አድርገህ ያዝ፤ ያለሱ የምታከራይ እናት አታገኝም።