ደመና ሲያድግ የአየር ግፊቱ ለምን ይወዛወዛል?

አዌቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ላይ ጅማ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሽቅብ ማደግ ሲጀምር፣ ዝናቡ ገና ሩቅ እያለ ባሮሜትሩ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ በሚፈጅ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ቢበዛ ግማሽ ሄክቶፓስካል ነው። የከባቢ አየር የስበት ሞገድ (ስበት የተገፋውን አየር ወደ ቦታው ሲመልሰው የሚፈጠር ውዝዋዜ) ይመስላል። ግን ሞገድ የረጋ አየር ይፈልጋል፣ ደመና ደግሞ ያልረጋ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? እውነተኛ ሞገድ መሆኑስ በምን ይለያል?

ጅረን፦
አብረው የሚሄዱት ቦታቸው ስለሚለያይ ነው፤ ያልረጋው ደመናው ውስጥ ነው፣ የረጋው በዙሪያውና በላዩ። (ስሙ እንዳያሳስት፣ ከጥቁር ጉድጓዶች ግጭት ከሚመጣው የአንስታይን ሞገድ ጋር አይገናኝም።)

ደረቅ አየር 1 ኪሎሜትር ሲወጣ 9.8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ዙሪያው ያለው አየር በኪሎሜትር 6.5 ዲግሪ ብቻ የሚቀንስ ከሆነ፣ ወደ ላይ የተገፋው ከጎረቤቱ ቀዝቅዞ ይከብዳል፣ ይወርዳል፣ ሚዛኑን አልፎ ይሞቅና ተመልሶ ይወጣል። ሲሰላ አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስትራቶስፌር (ከደመናዎቹ በላይ ያለው የአየር ንብርብር) ውስጥ ወደ 5 ይወርዳል። ከዚህ የፈጠነ የስበት ሞገድ የለም። አየሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ሲወዛወዝ ዙሩ ይረዝማል፤ ያንተ 20 ደቂቃ ከዚያ ይመጣል።

ገፊው ደመናው ነው። 1 ኪሎ ተን ወደ ጠብታ ሲለወጥ 2.5 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ይለቃል፤ የሙቀቱ መጨመርና መቀነስ ዙሪያውን የረጋ አየር ይገፋዋል፣ ይስበዋል። በእኔ እምነት ዋናው ይህ ነው። ሙቀቱ 10 ኪሎሜትር ውፍረት ከያዘ የሞገዱ ቁመታዊ ርዝመት እጥፉ፣ 20 ኪሎሜትር፣ ይሆናል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ። ከዚህ ሌላ የደመናው ጫፍ ሚዛኑን አልፎ ወደ ትሮፖፖዝ (የታችኛው የአየር ንብርብር የሚያበቃበት ወሰን) ሲዘልቅ እንደ ቡሽ ላይ ታች ይላል። ላይኛው ንፋስም ጫፉን እንደ ተራራ ሲሻገረው ሞገድ ይወልዳል።

ሞገዱ ሽቅብ ሲሄድ አየሩ ስለሚሳሳ የውጣ ውረዱ መጠን በየ10 ኪሎሜትሩ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ከነፋሱ ፍጥነት ጋር የሚተካከልበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ግን እዚያው ይዋጣል።

ቦዬ፦
ስለ ልኬቱ ልጨምር። በመጀመሪያ የቀኑን ማዕበል (ግፊቱ በየቀኑ የሚያሳየውን መደበኛ ከፍ ዝቅ ማለት) ቀንስ፤ እኛ አካባቢ ግፊት ከጠዋቱና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይጨምራል፣ ከቀኑና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። ከ3 ሰዓት የሚረዝመውን ለውጥ ሁሉ አውጣ።

ከዝናብ ጋር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም ግፊት ይጨምራል፣ ግን ሙቀቱ አብሮ ዝቅ ይላል፣ ግፊቱም ዘሎ እዚያው ይቆያል። ሞገድ ሲሆን ንፋሱ ከግፊቱ ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ይላል፦ ግማሽ ሄክቶፓስካል በሰከንድ 30 ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ ንፋሱን በሰከንድ 1.7 ሜትር ያህል ይለውጣል።

አንድ መለኪያ ግን አቅጣጫ አይነግርም። ሦስት ቢኤምፒ 280 (አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ግፊት መለኪያ) በየ10 ሰከንዱ የሚመዘግቡ፣ ከተማው መሃል፣ እንዲሁም ጅረንና ቦዬ በተባሉት የጅማ አካባቢዎች፣ 6 ኪሎሜትር ያህል ተራርቀው ይበቃሉ። በዚያ ርቀት ሞገዱ 200 ሰከንድ ስለሚዘገይ የሦስቱ ሰዓት ከ5 ሰከንድ በላይ መለያየት የለበትም። ራቅ ወዳለችው ሰርቦ ከተማ ድረስ አታርቀው፤ የሞገዱ ርዝመት 36 ኪሎሜትር ከሆነ ከግማሹ በላይ መራቅ የትኛው ጫፍ የቱ እንደሆነ ያምታታል።

አዌቱ፦
ተባረኩ። ሽውታውንስ ምን ላድርገው? መለኪያው በረንዳ ላይ ነው።

ቦዬ፦
በሰከንድ 10 ሜትር የሆነ ሽውታ ብቻውን ግማሽ ሄክቶፓስካል ያህል ያሳስታል፤ ከምትፈልገው ጋር እኩል ነው። አየር የማያስገባ ሳጥን ውስጥ ክተተውና ከሳጥኑ 3 ሜትር የውሃ ጎማ አውጣ። ጎማውን በየ20 ሳንቲሜትሩ በመርፌ ብሳ፣ ጫፉን ዝጋ፣ መሬት ላይ አጋድም፤ ሽውታው በቀዳዳዎቹ መካከል ይካካሳል። ሳጥኑ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ቀዳዳዎቹን ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ እይ። በጭቃ ከተደፈኑ መለኪያው የውጭውን ግፊት መለካቱ ቀርቶ ሙቀት ይለካል፦ የታሸገ አየር 1 ዲግሪ ሲሞቅ ጅማ ላይ 2.8 ሄክቶፓስካል ይጨምራል።