ተማሪዎቼ ስለማስተምረው ትምህርት እውነቱን እንዲነግሩኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ኮምቦልቻ

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼና ወላጆች፣

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ከክፍሎቼ በአንዱ ላሉ 62 ተማሪዎች ቁራጭ ወረቀት አድዬ ስለ አስተማሪነቴ ያላቸውን አስተያየት ስማቸውን ሳይጠቅሱ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኋቸው። ቤቴ ወስጄ ሳነበው ከ40 በላይ የሚሆኑት «ቲቸር ጎበዝ ነዎት፣ በዚሁ ይቀጥሉ» የሚል ብቻ ነው፤ የቃላቱ መመሳሰልም የክፍል አለቃው ምን እንደሚጻፍ አስቀድሞ ሳይነግራቸው እንዳልቀረ አስጠርጥሮኛል። ጥቂቶቹ ባዶ ናቸው። አራት አምስቱ ደግሞ ፊደላቸው የተንጋደደ፣ ቀኝ እጁ ደህና የሆነ ልጅ ሆን ብሎ በግራው የጻፈው የሚመስል ነበር። የእጅ ጽሑፋቸውን እንዳልለይባቸው መፍራታቸው ነው።

ከእነዚህ በግራ እጅ ከተጻፉት አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄ አላችሁ ወይ ሲሉን ደብተርዎን እየሰበሰቡ ነው።»

እውነቱን ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ስለሆነ የምጠይቃቸው ደወሉ ሊደወል ሲል ነው፤ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ እያራገፍኩ። እንዲህ ያለውን ነገር የቀሩትም ልጆች ሳይፈሩ እንዲነግሩኝ ምን ማድረግ እንደምችል የሞከራችሁት ካለ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ የሒሳብ መምህርት፣ ደሴ

ወንድሜ፣ በልጆቹ አትፍረድ። በእኛ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የተማሪ አስተያየት ሲባል የሚታወቀው የመምህሩ የሥራ አፈጻጸም በሚሞላበት ወቅት ርዕሰ መምህሩና የሥራ ባልደረቦቹ እንደሚያደርጉት ሁሉ ተማሪውም ነጥብ የሚሰጥበት ቅጽ ነው፤ ያ ነጥብ ደግሞ ከጀማሪ መምህርነት ወደ መለስተኛ መምህርነት፣ ከዚያም አልፎ እስከ መሪ መምህርነት በሚወስደው የደረጃ እድገት ላይ ይታሰባል። ልጁ የሚጠየቀው ስለ እንጀራህ መሆኑን ያውቃል። የወደደህ ያሞግስሃል፣ የቀጣኸው ይበቀልሃል፤ ስለ ትምህርቱ ግን አንዳቸውም አይነግሩህም። በዚያ ላይ «ሂስና ግለሂስ» እየተባለ ትልልቅ ሰዎች በስብሰባ ሲዋረዱ ያየ ወይም የሰማ ልጅ አስተያየትን ከጥል ለይቶ ባያይ አይገርመኝም።

ስለዚህ ስለ ራስህ አትጠይቃቸው። እኔ ዓርብ የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ ትቼ «በዚህ ሳምንት ከሠራነው የጠፋባችሁን መስመር ከደብተራችሁ ገልብጣችሁ ስጡኝ» እላቸዋለሁ። በአማርኛ እንዲጽፉ እፈቅድላቸዋለሁ፤ የ9ኛ ክፍል ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያልገባውን ነገር በዚያው ባልገባው ቋንቋ አብራራ የተባለ ልጅ ዝም ማለቱ አይቀርም። አንድ ዓርብ ከሁለት ረድፍ የማያንሱ ልጆች አንድ ዓይነት መስመር ገልብጠው ሰጡኝ፦ ሁለቱንም ወገን በኔጋቲቭ ቁጥር ስናካፍል የመብለጥና የማነስ ምልክቱ የሚዞርበትን። ለ20 ዓመታት ያህል «ደንብ ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ፤ ለምን እንደሚዞር አንድም ቀን አስረድቼ አላውቅም ነበር። መልሱን ሰኞ የመጀመሪያው ሥራዬ አድርጌ አቀርብላቸዋለሁ፤ የጻፉት መነበቡን የሚያምኑት ያን ጊዜ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ተገልጾ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ መምህሩ ወላጁን፣ ወላጁ መምህሩን፣ ሁለቱም መንግሥትን ሲወቅሱ ከርመዋል። እኔ በነበርኩባቸው ስብሰባዎች ግን ለልጆቹ ትምህርቱ የጠፋባቸው ስንተኛ ክፍል ላይ እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው አልሰማሁም።

መልስ፦ ወላጅ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል፣ ደሴ

መምህርት፣ የጻፉት ልክ ነው፤ ሰኞን በሚመለከት ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ዓርብ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ የሚመለሱት ሰኞ ረፋድ ላይ፣ እንጀራውን በትከሻቸው ተሸክመው ነው። መልሱ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከተሰጠ በይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አይሰሙትም ማለት ነው።

ሌላው የአስተያየት ሳጥን ጉዳይ ነው። ልጄ በተማረችበት ትምህርት ቤት በሰንደቅ ዓላማው አጠገብ አንድ የተቆለፈ ሳጥን ነበር፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ስላልነበረ በሦስተኛው ዓመት ቁልፉ ተሰብሮ ሲከፈት የማስቲካ ወረቀትና አንድ ደብዳቤ ተገኘበት። ደብዳቤው የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መዝጊያ እንዲጠገን የሚጠይቅ ነበር። የጻፈችው ልጅ ያን ጊዜ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ወጥታለች። ነገሩን በሰፈራችን ቅሬ (እድር) ስብሰባ ላይ አንስተነው አንድ አናጺ በግማሽ ቀን ጠግኖት ሄደ፤ ለምስማሩና ለማጠፊያው የወጣው ገንዘብ ለመናገር ያሳፍራል። አባወራውና እማወራዋ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሚቀመጡት ቅሬው ላይ ነው፤ ስለዚህ መምህራን ከልጆቹ ወረቀት ላይ ከክፍል ውጭ የሆነ ችግር ስታገኙ የወላጆችን ስብሰባ አትጠብቁ፤ ወደ ቅሬው ብቅ ብትሉ ይሻላል።

መልስ፦ በፕላዝማ የተማረ

እኔ ከመምህርቷ ሐሳብ በጥቂቱ እለያለሁ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር 9ኛ ክፍል ነበርኩ። በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ ያለው፣ ትምህርቱ አስቀድሞ የተቀረጸ መምህር ይጠይቀናል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያም ማናችንም አፋችንን ሳንከፍት «ቬሪ ጉድ» ብሎን ያልፋል። ከሦስት ቀን በኋላ የሚመጣ መልስ ለእኔ ከዚያ ብዙም አይለይም። ጠያቂው በ40ኛው ደቂቃ ፋንታ በ20ኛው ላይ ቆም ብለው አንዱን ረድፍ ቢያናግሩስ?

መልስ፦ የሒሳብ መምህርት፣ ደሴ

ቢያናግሩ መልካም ነው። ነገር ግን በ62 ልጅ መካከል እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው የፊት ወንበር ስድስት ልጆች ናቸው። ወረቀቱ ለቀሩት ነው።

መልስ፦ ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ሞከርኩት፤ መልሱንም ወደ ማክሰኞ አዛወርኩት። ስለ ሰበቃ (ፍሪክሽን) ባስተማርኩበት ሳምንት 19 ልጆች ያው አንድ ነገር ጠፋባቸው፦ ሰበቃ እንቅስቃሴን የሚቃወም ከሆነ ሰው ያለ እሱ መራመድ የማይችለው ለምንድን ነው? አንዱ ደግሞ አባቱ አይሱዙ እንደሚነዳ ጠቅሶ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ሲወርድ ፍሬን ረግጦ ከመያዝ ይልቅ በከባድ ማርሽ የሚወርድበትን ምክንያት ጠየቀኝ። ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት እንደሚለውጥ፣ የፍሬኑ ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ የመያዝ አቅሙ እንደሚደክምና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ቢይዘው ያ ሙቀት እንደሚቀንስ ለማስረዳት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ሲከራከሩ የሰማሁትም በዚያ ቀን ነው።

በግራ እጅ የሚጽፉት አሁን ሁለት ብቻ ቀርተዋል። የክፍል አለቃውን ግን እስካሁን አልጠየቅሁትም።