ልጆች ይዞ እንስሳ ለማየት የትኛው አገር ይሻላል?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው፦ «ሰላም ቤተሰብ። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። አባታቸው ዱባይ ነው የሚሠራው፤ በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ልንሄድ አስበናል። አንበሳና ቀጭኔ ካላየን ብለው ጆሮዬን በልተውታል። ዱባይ ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ አሳይቻቸው ልመለስ? ሌላ አገር ያያችሁም ጀባ በሉኝ።»

እህቴ፣ ክረምት ካልሽ ዱባይን ለእንስሳ ብለሽ አትሂጂ። የኛ ክረምት ለእነሱ እሳት ነው። ዱባይ ሳፋሪ ፓርክ በዚያ ሙቀት ይዘጋል፤ የሚከፈተው አየሩ በረድ ሲል ነው። እኔ እዚያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ድሮ ጁሜራ ሰፈር የነበረው ትንሹ ዙ (የእንስሳት ማሳያ) እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋና በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ይሄኛው ተከፈተ። 119 ሄክታር ነው፤ በእግር አይዘለቅም። አውቶቡስ ላይ ትወጫለሽ፣ አራዊቱ መሃል ያልፋል። ጥሩ ነው፤ አባታቸውን ለማየት በታኅሣሥ ወይ በጥር ከሄዳችሁ ጨምሪው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቢ። ቀትር ላይ አንበሳውም እንደ ሰው ጥላ ፈልጎ ይተኛል።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን ከሁሉ ናይሮቢን አስቀድማለሁ። ላንጋታ የሚባል ሰፈር የቀጭኔ ማእከል አለ። ሰገነት ላይ ትወጫለሽ፤ የቀጭኔዋ ፊት ከፊትሽ እኩል ይመጣል። መዳፍሽ ላይ ጥቂት የተጨመቀ መኖ ያደርጉልሻል። ከዚያ ያ ምላስ ይመጣል። አንድ ክንድ ይሆናል፤ መልኩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው፣ ሲነካሽ ይሻክራል። ለሃጩማ አይወራ! የእህቴ ልጅ መጀመሪያ እጁን ኪሱ ከቶ ከኋላዬ ተደበቀ። ትንሽ ቆይቶ ማን ያስለቅቀው? እስከ ክርኑ ተለቅልቆ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ መኖ ያስጨምራል። ቤት ገብተን ሸሚዙን ሳጥብ ለሃጩ እንደ ተልባ ይሳባል። ከዱባይ አውቶቡስ ያስታወሰው ነገር የለም፤ ይሄን ግን እስከ ዛሬ ያወራል።

እዚያው ናይሮቢ የወላጅ አልባ ዝሆኖች ማሳደጊያ አለ። ለጎብኚ የሚከፈተው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ከረፋዱ 5 እስከ 6። ቀድመሽ ቦታ ማስያዝ አለብሽ። ግልገሎቹ በትልልቅ ጡጦ ወተት ሲጠጡ ታያለሽ፤ ከዚያ ቀይ ጭቃ ላይ ይንከባለላሉ። ብሔራዊ ፓርኩም ከተማው ጥግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር። ከቀጭኔው ጀርባ የከተማውን ፎቅ ታያለሽ።

አሜሪካ ዘመድ ላላችሁ፦ ዋሽንግተን ያለው ዙ በነጻ ነው። አዎ፣ በነጻ። የመግቢያ ፓስ ቀድማችሁ ኦንላይን ያዙ እንጂ። የመኪና ማቆሚያው ግን ያስከፍላል፣ ስለዚህ በባቡር ሂዱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሀበሻ ሁሉ የሚያውቀው ቀዩ መስመር ያደርሳችኋል። አንድ ምክር፦ ስትሄዱ ክሊቭላንድ ፓርክ ውረዱ፣ ስትመለሱ ከውድሊ ፓርክ ተሳፈሩ። በተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት ዳገቱ የጦሳ ተራራን ያህል ይሰማችኋል፣ በተለይ የልጅ ጋሪ ለሚገፋ። ፓንዳ አላቸው። ፓንዳ ግን ሲበላ ካልደረሳችሁበት ጀርባውን ሰጥቶ የተኛ ነጭና ጥቁር ክምር ነው።

ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ዙ ደግሞ ሳልስቅ ያላለፍኩት ነገር አለ። ሰው ከፍሎ ገብቶ ጭላዳ ዝንጀሮ ያያል። የኛው ጭላዳ! ደረቱ ላይ ያ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቁጭ ብሎ ሣር የሚነጭ። ስዊዘርላንድ ዙሪክም አላቸው፤ ቦታውን እንዲያውም በሰሜን ተራሮች ስም ጠርተውታል። እኔ አጠገቤ የቆሙትን ሰዎች ሳይ ያ እኛ ሠፈር ልጅ ከገብስ ማሳ በወንጭፍ የሚያባርረው ጭላዳ ትዝ አለኝ። ማሞገሴ ነው፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ ድንጋይና ገደል ሠርተውላቸዋል። አንድ ስሙን የማልጠራው አገር ግን ሲሚንቶ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የሚመላለስ አንበሳ አይቼ ልጁን ይዤ ወጥቻለሁ። እንስሳው የሚደበቅበት ጥላ ከሌለው እኔ ብሬን አልሰጥም።

ካይሮ ለምታስቡ፣ የጊዛው ዙ እ.ኤ.አ. በ1891 የተከፈተ አንጋፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ለእድሳት ተዘግቷልና መከፈቱን ሳታረጋግጡ እንዳትሄዱ።

አዲስ አበባ? ለአንቺ ልጆች መጀመሪያ እሱ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. መስከረም የተከፈተው አንድነት ፓርክ ቤተ መንግሥቱንም እንስሳውንም በአንድ ቀን ያሳይሻል። የኛ አንበሳ ጎፈሩ ጥቁር ነው፣ እስከ ሆዱ ይወርዳል፤ ሌላ አገር ካየሽው ጋር ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ይለዩታል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ከመሄድሽ በፊት ግን ክፍት መሆኑን ጠይቂ። መንገድ ላይ ጣርማ በር ስትደርሱ ልጆቹን በመስኮቱ በኩል አስቀምጪያቸው፤ ጭላዳ ዳር ላይ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

አንድ ወንድም ከሥር፦ «ቀይ ቀበሮስ የት አገር ይገኛል?»

የትም አገር ዙ ውስጥ የለም፣ ወንድሜ። ዱባይም፣ ዋሽንግተንም ብር ቢቆልሉ አያሳዩህም። እኛ ጋ ወሎ ቦረና ሳይንት ፓርክ አለ፣ ላስታ በኩል ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ተራራ። ግን እንደ ዙ አትቁጠረው፤ ቀኑን ሙሉ ተጉዘህ ላታይም ትችላለህ። ጠዋት ማልደህ ውጣ፣ አይጥ የሚያድነው በቀን ነው። የአካባቢውን ሰው ይዘህ ሂድ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ቀድመህ አጣራ።

እሷም መለሰች፦ «እሺ፣ አዲስ አበባ አድርጌዋለሁ። ቀጭኔዋን ግን ለአባታቸው ነግሬዋለሁ፤ ናይሮቢ ስንት ይፈጃል እያለኝ ነው።»

አብሽሪ፣ ለብቻ ጻፊልኝና ያረፍንበትን ሠፈር እነግርሻለሁ። ለልጆቹ ትርፍ ሸሚዝ አትርሺ።