ክርክር፦ በወንዝ ውሃ የሚለማ ጎመን ይከልከል?

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። የአዲስ አበባዎቹ ወንዞች ቀበናና ባንቲይቀጡ የመሀል ከተማውን ፍሳሽ ይዘው ትልቁ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ። ታች ደግሞ በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

የካዛንቺስ ልጅ፦ እኔ አይከልከል ባይ ነኝ። ተክል ፍሳሹ በሚያመጣው ከባድ ብረት፣ እንደ ካድሚየምና እርሳስ ባለው፣ ሲጨነቅ ፖሊፌኖልና ፍላቮኖይድ የሚባሉ መከላከያ ንጥረ ነገሮችን አብዝቶ ያመርታል። እነዚህ ደግሞ ለጤና ይጠቅማሉ የሚባሉት ናቸው። እንደውም ጎመኑ ጠንክሯል ማለት ነው። በደንብ ታጥቦ፣ በስሎ ይበላ።

አፈር መርማሪው፦ ፖሊፌኖሉ ይጨምራል፣ ልክ ነህ። መደምደሚያህ ግን ያስፈራኛል። ካድሚየም በሥር ሲገባ ሴል የሚጎዱ የኦክስጅን ዓይነቶች ይበዛሉ። ፖሊፌኖሉ የሚመረተው እነሱን ለማብረድ ነው። ተክሉ ግሉታቲዮን ከሚባል ሴሉ ውስጥ ካለ ንጥረ ነገርም ብረቱን የሚያስር ነገር ይሠራል፤ አስሮም ሴሉ ውስጥ ያለ ከረጢት ውስጥ ይቆልፍበታል። ልብ በል፣ ቆለፈው እንጂ አላስወጣውም። እኛ ያንኑ ቅጠል ነው የምንበላው። ውሃ የሚያነሳው ላዩ ላይ ያለውን አፈር ነው፤ ካድሚየምና እርሳስን ደግሞ እሳት አያጠፋቸውም። ብረቱ ሲበዛ ለቅጠሉ ቀለም የሚሰጡት ክሎሮፊሉና ካሮቲኖይዱም ይወርዳሉ፤ ቅጠሉ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይላል።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ቢጫውን ማን ይገዛል? ገበያው ራሱ ያበጥረዋል።

አፈር መርማሪው፦ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ለምለም ቆስጣም ከልኩ በላይ ሊይዝ ይችላል። የዓለም የምግብ መስፈርት ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው ካድሚየም በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። ይሄን በዓይን እንዴት ትለየዋለህ?

ባለጉልቷ፦ ከልክሉ ማለት ቀላል ነው። እኔ ጉልት ላይ ጎመን ነው የምሸጠው። ከአቃቂ በኩል የሚመጣው በርካሽ ይገኛል፤ የሩቁ ዋጋ አይቀመስም። ደግሞስ ገበሬው ምን አጠፋ? ውሃውን ያቆሸሸው ፋብሪካውና ጋራዡ ነው።

አፈር መርማሪው፦ እውነትዎን ነው እትዬ። እኔም ገበሬው ይነቀል አላልኩም። ቅጠላ ቅጠል ከቲማቲም ይልቅ ብረት ያከማቻል። ስለዚህ እዚያ መሬት ላይ ሰላጣና ቆስጣ ይቁም፣ ፍሬው በምርመራ ይቀጥል። አሲዳማ አፈር ካድሚየሙን ለሥር ቶሎ ይለቀዋል፤ ኖራና ኮምፖስት ሲገባበት ይቀንሳል።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ቲማቲሙ ላይ እስማማለሁ። ምርመራውን ግን ማን ይክፈል?

ባለጉልቷ፦ ያቆሸሸው ነዋ! ገበሬው ላይ ከጣላችሁት ዋጋው ዞሮ እኔ ጉልት ላይ ነው የሚያርፈው።