ጤፍ በኩንታል ልግዛ ወይስ እንደለመድኩት በየወሩ?

የመንትዮቹ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው መንታ ሴት ልጆቻችን፣ እና እኛ ጋ ሆና ኮሌጅ የምትማረው የባለቤቴ እህት። ደሞዝ ከገባ 18 ቀን አይሞላም፣ ከታች ካለው ሱቅ በዱቤ መውሰድ እጀምራለሁ።

ባለፈው ወር ተናደድኩና ልጆቹ የጨረሱት ደብተር ጀርባ ላይ የገዛሁትን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። ኪሳችንን የሚያራግፈው ጤፍና ዘይት ነው ብዬ ነበር። ወሩ አልቆ ስደምር አፈርኩ። ሩብ ኪሎ ቲማቲም 11 ጊዜ። ሽንኩርት ከጉሊት በመደብ 14 ጊዜ። አምስት ሊትሩ ዘይት ያለቀ ጊዜ እጄ ላይ ብር ስላልነበረ፣ በሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጠውን ሦስት ጊዜ። ብቻ ተዉት። ቲማቲም ግዢ ተብላ የወረደች ልጅ ደግሞ ብስኩት ሳትይዝ አትወጣም።

አሁን ጥያቄዬ። ጤፍ በየወሩ 25 ኪሎ ተፈጭቶ ከወፍጮ ቤት ነው የምገዛው። ጎረቤቴ "ኩንታል አንዴ ግዢና ተገላገይ" ትለኛለች። ያዋጣል? ቤታችን ጠባብ ነው፣ የት አስቀምጠዋለሁ? አይነቅዝም?

"ሥጋ ተዉ" እንዳትሉኝ ብቻ። ሥጋማ ድሮ ትተናል።

እትዬ ሽሮ

ልጄ፣ ጤፍ አይነቅዝም። ስንዴና በቆሎ ነው ነቀዝ የሚወደው፤ ባቄላም ይነቅዛል። ጤፍ እርጥበት ካላገኘው ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቀመጣል። ዱቄት ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህ እህሉን ግዢና በየወሩ የሚበቃሽን ብቻ አስፈጪ። ማዳበሪያውን ሲሚንቶው ላይ አታስቀምጪው፣ ከሥሩ ጣውላ አድርጊለት።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ቲማቲምና ሽንኩርትሽ ነው። 11 ጊዜ መውረድ ምንድነው? እኔ እሁድ እሁድ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ በትልቁ ድስት ያለ ዘይት አቁላላለሁ። ውሃው ምጥጥ ብሎ ቀላ ሲል ዘይት አገባለታለሁ። ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን አልጫ አድርጌ በየዕቃው ፍሪዘር ውስጥ ነው። ቲማቲም የረከሰ ሰሞንም እንደዚያው፣ ስልስ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ማታ ደክሞሽ ስትገቢ ቁሌቱ አለ፤ ሽሮ ብትይ ምስር ብትይ ሩብ ሰዓት ነው። ሱቅ የሚያስወርድሽ ነገር የለም። መብራት ለረጅም ሰዓት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን የሦስት ቀኑን ብቻ ሥሪ፤ እኔ አንዴ ሙሉ ድስት ደፍቻለሁ።

ጥሬውን ሽንኩርት በፌስታል ቋጥረሽ አታስቀምጪ፣ ይበሰብሳል። በረንዳ ላይ ጥላ ያለበት ዘርጊው።

ቅቤ ደግሞ ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ግዢና አንጥሪ። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው የሚገዛ ሰው አይገባኝም።

የእህል በረንዳ ልጅ

እህቴ፣ እኔ መርካቶ እህል በረንዳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ኩንታል ያዋጣል፣ ግን መቼና እንዴት እንደምትገዢ ነው ዋናው።

ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው የሚሰበሰበው። አዲሱ ገበያ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ረገብ ይላል። ክረምት ሲገባ ይወጣል። በወር 25 ኪሎ ከጨረስሽ ኩንታሉ የአራት ወር ነው፤ ጥር ላይ ብትገዢ ሚያዝያ ላይ አለቀ ማለት ነው። ክረምቱን አያሻግርሽም። እንደምንም ሁለት ኩንታል ከቻልሽ ነው ጥቅሙ በደንብ የሚታይሽ።

ስትገዢ የማዳበሪያውን አፍ ብቻ አይተሽ እንዳትከፍዪ። ከመሀልም ከታችም አስወጪ። መዳፍሽ ላይ አድርገሽ እፍ በዪው፣ ገለባውን ታያለሽ። ከዚያ ትንሽ አኝኪ፤ አሸዋ ካለው ጥርስሽ ይነግርሻል። ደግሞ ኩንታል ነው ስለተባለ ኩንታል አይደለም፣ ዓይንሽ እያየ ሚዛን ላይ ይውጣ።

የአድአ ማኛ ካልሆነ የሚል ባል ከሌለሽ ሰርገኛ ውሰጂ። እኔ ቤት የሚበላው ሰርገኛ ነው፣ ማኛ ስሸጥ እየዋልኩ።

ላጤው

እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እንጀራ ከሱቅ ነው የምገዛው፤ ስለ ኩንታል አላወራም። ግን ዱቤውን ተዪው። የዱቤ መዝገብ ላይ ያለ ዋጋና በእጅ የሚከፈል ዋጋ አንድ የሆነበት ሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የመንትዮቹ እናት

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቁሌቱን ነገር እሁድ ሞከርኩት። ቤቱ ሁለት ቀን ሽንኩርት ሸተተ፣ ግን ከእሁድ ጀምሮ ሱቅ የወረድነው ለዳቦ ብቻ ነው። ልጆቹ ቅር ብሏቸዋል፤ ብስኩቱ ቀረባቸዋ።

ወንድሜ የእህል በረንዳው፣ የሁለት ኩንታል ብር ከየት ይመጣል? ጥር ላይ እቁቤ ይወጣልኛል፣ እሱን አስቤዋለሁ። እስከዚያ ግን በብሎካችን አራት ሴቶች ተነጋግረን አንድ ኩንታል በጋራ ለመግዛት ተስማምተናል፣ ለእያንዳንዳችን 25 ኪሎ። አንድ ያልገባኝ ነገር፣ የጫኝና አውራጅ ነገር እንዴት ነው?

የእህል በረንዳ ልጅ

መኪናው ሳይነሳ ዋጋውን ተስማሚ፣ እስከ በር ነው ወይስ እስከ ፎቅ የሚለውን ጨምሮ። አራተኛ ፎቅ ከደረሰ በኋላ የሚጠራው ሒሳብ ሌላ ነው። ለነገሩ ለምን ታስወጡታላችሁ? ማበጠሩን ግቢው ውስጥ ጨርሱ፣ እዚያው በኪሎ ተካፈሉና የየድርሻችሁን ቀጥታ ወፍጮ ቤት ውሰዱ። ከመካፈላችሁ በፊት ግን አበጥሩ፤ ገለባው የማን ድርሻ ነው ብላችሁ እንዳትጣሉ።

የመንትዮቹ እናት

ሃሃ፣ ከአራታችን አንዷን ታውቃታለህ መሰለኝ። እሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን። ሚዛኑ ጋ የምቆመው እኔ ነኝ።